ሥራዬ አልተናገረልኝም፣ አባባ

ይድረስ ለውድ አባቴ፣

ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ዓይንዎን እንዳያደክሙ ይህን ደብዳቤ የወንድሜ ልጅ ታንብብልዎ። ስለ እሷም የምጽፈው ስላለ ብትሰማው ደስ ይለኛል።

ባለፈው እሁድ በስልክ ብሶቴን ስነግርዎ "ዝም ብለሽ ሥሪ ልጄ፤ ሥራሽ ይናገርልሻል" አሉኝ። ሊያጽናኑኝ ብለው እንደሆነ ገብቶኛል። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ። አባባ፣ ሥራ አፍ የለውም።

በስልክ አሳጥሬ ነበር የነገርኩዎት። ሦስት ዓመት ሙሉ ከየማሳው አፈር ስቆፍር፣ ሳደርቅ፣ ስነፋ፣ አሲዳማነቱን ስለካ ኖሬያለሁ። የእኛ ደጋ መሬት ገብስና ባቄላ ለምን እንደነሳን የሚያሳይ ሥራ ነው፤ የአፈሩ ፒኤች (የአሲዳማነት መለኪያ ነው፤ ቁጥሩ ሲወርድ አሲዱ ይበረታል) ከ5.5 ሲወርድ በውስጡ ያለው አሉሚኒየም እየሟሟ የእህሉን ሥር ያቀጭጨዋል። ውጤቱ በጉባኤ ሲቀርብ ቆሞ ያስረዳው ወንድ ባልደረባዬ ነው። የእኔ ስም መጨረሻው ገጽ ላይ፣ "ስለ ትብብራቸው እናመሰግናለን" ከሚለው ሥር፣ ከሹፌራችን ስም ቀጥሎ ነበር። በዚያ ሰዓት እኔ "ጽሕፈትሽ ያምራል" ተብዬ ቃለ ጉባኤ እይዝ ነበር።

ሹፌራችንን ካነሳሁ አይቀር፣ መስክ ስንወጣ ገበሬዎቹ ችግራቸውን የሚነግሩት ለእሱ ነው፤ ወንድ ስለሆነ አለቃው እሱ ይመስላቸዋል። እሱ ግን ሁልጊዜ እጁን ወደ እኔ ዘርግቶ "የመሬቱ ሐኪም እሷ ናት፤ እሷን ጠይቁ" ይላቸዋል። ከዚያ በኋላ ጥያቄው ይጎርፍልኛል። ያንን አፈር የመረመርኩት እኔ መሆኔን ገበሬው ያወቀው ሰው ስለነገረው ነው።

እርስዎ አስተማሪ ነበሩና የአንዲት ተማሪ ታሪክ ላጫውትዎ። ጆሴሊን ቤል የሰሜን አየርላንድ ልጅ ናት። ካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ለዶክትሬት ስትማር፣ ከባልደረቦቿ ጋር ሁለት ዓመት እንጨት ስትተክልና ሽቦ ስትዘረጋ ከርማ፣ ወደ ሁለት ሄክታር የሚጠጋ ቦታ የያዘ የራዲዮ ቴሌስኮፕ ሠሩ። መሣሪያው ከሰማይ የሚመጣውን የራዲዮ ሞገድ በወረቀት ላይ በመስመር ይጽፋል፤ በቀን 30 ሜትር ያህል ወረቀት። ያንን ሁሉ በዓይኗ የምታነበው እሷ ነበረች። እ.ኤ.አ. በ1967 ከዚያ ሁሉ መስመር መካከል ሌሎቹን የማትመስል አንዲት ጭረት አየች። አማካሪዋ ሰው ሠራሽ ነገር ሳይሆን አይቀርም አላት። አልተወችውም። በየ1.33 ሰከንዱ ሳያዛንፍ የሚመታ የኮከብ ምት ሆኖ ተገኘ፤ እንዲህ ያለው ኮከብ ዛሬ ፐልሳር ይባላል። (ልጄ፣ ይህን ቀስ ብለሽ አንብቢላቸው፤ አያትሽ ቁጥር ማስደገም ይወዳሉ።)

ወሬው ሲሰማ ጋዜጠኞች መጡ። የሳይንሱን ጥያቄ ለአማካሪዋ ለአንቶኒ ሂዊሽ አቀረቡለት፤ እሷን ግን ስንት የወንድ ጓደኛ እንዳላት ጠየቋት። እ.ኤ.አ. በ1974 የፊዚክስ ኖቤል ሽልማት ሲሰጥ የተቀበሉት ሂዊሽና ሌላ ወንድ ሳይንቲስት ናቸው። ከዚያ የበለጠ የሚናገር ሥራ ከየት ይመጣል?

ለእርስዎ ልጽፍ ያስነሳኝ ግን ልጅነቷ ነው። በ12 ዓመቷ ግድም ትምህርት ቤቷ ወንዶቹን ወደ ሳይንስ ክፍል፣ ሴቶቹን ወደ ምግብ ዝግጅት ላከ። ቤት ገብታ ስትናገር ወላጆቿ ዝም አላሉም፤ የሌሎች ልጆች ወላጆችም ተቃወሙ። በሚቀጥለው የሳይንስ ክፍለ ጊዜ ሦስት ሴት ልጆች ገብተው ተቀመጡ። ፈተና ሲመጣ አንደኛ የወጣችው እሷ ናት።

ምናልባት ጥንት የቀረ ነገር ይመስልዎት ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት ለ127 የሳይንስ መምህራን ቃል በቃል አንድ ዓይነት የሥራ ማመልከቻ ሰጠ፤ ለከፊሎቹ ጆን፣ ለከፊሎቹ ጄኒፈር የሚል ስም አስፍሮ። ለጆን በአማካይ 30,238 ዶላር የዓመት ደመወዝ ገመቱለት፤ ለጄኒፈር 26,508። ያሳመመኝ ሴቶቹ መምህራንም ከወንዶቹ አለመለየታቸው ነው። እኔም ባለፈው ዓመት "መስክ ይከብዳታል" ብዬ አንዲትን ተለማማጅ ቢሮ አስቀርቻለሁ። አልጠየቅኳትም እንኳ።

አባባ፣ ያን ጊዜ ሽማግሌ ተልኮ ሲመጣ ያሉትን ያስታውሳሉ? እኔ ጓዳ ሆኜ እሰማ ነበር። አጎቴ "የተማረችው ይበቃታል" ሲል እርስዎ "ልጄ ሚኒስትሪ አለባት፤ ከዚያም በኋላ ገና ትማራለች" ብለው መለሷቸው። ከክፍሌ አንደኛ ነበርኩ፤ ያ ደረጃ ግን ለሽማግሌዎቹ ምንም አልነገራቸውም። የመለሳቸው የእርስዎ ቃል ነው።

አሁን ይህን የምታነብልዎት ልጅ በሚቀጥለው ዓመት 11ኛ ክፍል ትገባለች። የተፈጥሮ ሳይንስ መምረጥ ትፈልጋለች። ወንድሜ "ፊዚክስ ለሴት ይከብዳል፤ ማኅበራዊ ይሻልሻል" ብሏታል። እርስዎ እዚያው ተቀምጠው ምንም እንዳላሉ ነገረችኝ። ነገሩ ቀላል መስሎዎት እንደሆነ አላውቅም፤ ለእሷ ግን ቀላል አልነበረም። ወንድሜ የማንንም ባይሰማ የእርስዎን ይሰማል። ለፋሲካ ሲመጣ፣ እሷ ባለችበት ይንገሩት።

እኔም ጽሑፉ ሲታተም ስሜ መጀመሪያ እንዲሰፍር በደብዳቤ ጠይቄያለሁ። መልስ እስካሁን አልመጣም፤ ደግሜ እጠይቃለሁ።

ለጓሮው መሬት አሲዱን የሚያበርድ ኖራ እልካለሁ። ከመዝራታችሁ ቢያንስ አንድ ወር ቀደም ብሎ ተበትኖ በደንብ ይታረስበት። የደም ግፊቱን ኪኒን እንዳያቋርጡ፣ አደራ።

ልጅዎ