እማዬ፣ ክፍሉን ለብቻዬ ያዝኩት

እማዬ፣ እንዴት ነሽልኝ? ጉልበትሽስ ተሻለሽ? ማሾው ተለቅሞ አለቀ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ፣ የደብረ ብርሃንን ብርድ ካልቆጠርነው። በስልክ ልነግርሽ ነበር፤ ግን እየተቆራረጠ "ሃሎ ሃሎ" ስንባባል ካርዱ ያልቃል። ስለዚህ ጻፍኩልሽ። መነጽርሽን አድርገሽ ቀስ ብለሽ ራስሽ አንብቢው፣ ለጎረቤት ልጅ አትስጪው።

ማስተማር ጀመርኩ! እስካሁን ከኋላ ቁጭ ብዬ ሌላ ሰው ሲያስተምር ነበር የማየው። ማክሰኞ ግን አማካሪ መምህሬ ቾኩን ሰጡኝና እሳቸው ኋላ ሄደው ተቀመጡ። አምስተኛ ክፍል፣ ሒሳብ። ስም መጥሪያው ላይ 78 ልጅ አለ። ኮሌጅ የተማርነው አንድ ክፍል 50 ነው የሚይዘው ተብለን ነው፤ እዚህ ግን አንድ ዴስክ ላይ አራት ሆነው ተጣበው ይቀመጣሉ፣ ዳር ያለው ልጅ ግማሽ አካሉ አየር ላይ ነው። ስም ጠርቼ ስጨርስ ከ40 ደቂቃው ስንቱ እንደሄደ አትጠይቂኝ።

ስገባ ሁሉም ብድግ ብለው "ጉድ ሞርኒንግ ቲቸር"ን እንደ መዝሙር ጎተቱት። ጋዋኑ ሰፍቶኝ እጅጌውን አጥፌዋለሁ። የክፍል አለቃዋ ሰሌዳው ላይ "ረባሾች" ብላ ስም ዘርዝራለች፣ አንዱ ልጅ ስም አጠገብማ የኤክስ ምልክቱ ተደርድሮ ተደርድሮ ሰሌዳው አልቆበታል። አጥፊው አልኳት። ቅር አላት፤ ልጁ ግን ከዚያ ወዲህ ዳስተሬን የሚሸከመው እሱ ነው።

ትምህርቱ ክፍልፋይ መደመር ነበር። አንድ ሁለተኛ ሲደመር አንድ ሦስተኛ፣ አንቺ በምታውቂው ግማሽና ሲሶ። ሠርቼ አሳየሁና "ገባችሁ?" አልኩ። "አዎ ቲቸር!" ቆርቆሮው አስተጋባ። "ያልገባው አለ?" "የለም!" ፊት ያሉት ጣታቸውን እያጮሁ "እኔ ቲቸር፣ እኔ ቲቸር" ይላሉ፣ የጠየቅኩትን ሁሉ እነሱ ይመልሳሉ። አልዋሽሽም፣ ደስ ብሎኛል። ከዚያ በዴስኮቹ መሃል በጎን እየተላለፍኩ ወደ ኋላ ሄድኩና ደብተር ማየት ጀመርኩ። ሁለት አምስተኛ። አጠገቡም ሁለት አምስተኛ። የሚቀጥለው ዴስክም እንደዚያው። የላዩን ከላዩ፣ የታቹን ከታቹ ደምረው። ሁለት አምስተኛ እኮ ከግማሽ ያንሳል! ግማሽ ይዘሽ ሲሶ ተጨምሮልሽ ጭራሽ ይቀንስብሻል? ያ ሁሉ ልጅ "አዎ" ብሎ ሲጮህ ነበር።

ይኼን ጊዜ ያ ዘማች ትዝ አለኝ። አንቺ የምታወሪው፣ የመሠረተ ትምህርቱ። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው ዘመቻ በ15 ቋንቋ እንደተካሄደ፣ በዩኔስኮ በኩል እንደተሸለመ ለፈተና ሸምድጄዋለሁ። እሱ ልጅ ግን የትም አልተጻፈም። በፋኖስ ፊደል ሲያስቆጥራችሁ ሁላችሁም አንድ ላይ ስትሉ፣ "በአንድ ላይማ ሁሉም ያውቃል" ብሎ አንድ በአንድ ወደ ሰሌዳ ያወጣችሁ ነበር አላልሽኝም? ባለትዳሮቹን ሳይቀር። ስታወሪው እስቅ ነበር፤ ለካ ትልቁ ነገር እሱ ኖሯል።

በማግስቱ ባዶ የሲሚንቶ ከረጢት ለምኜ ቆራርጬ ይዤ ገባሁ። ከደብተር ቅደዱ ብል እሺ አይሉም፣ እናቶቻቸው ሉኩን ይቆጥራሉ፤ አንቺስ ትቆጥሪ አልነበር? ቁራጩን በቁመት ሦስት ቦታ፣ በወርድ ሁለት ቦታ አጣጠፉት። ሲዘረጋ ስድስት ቤት። ግማሹ ሦስት ቤት ነው፣ ሲሶው ሁለት ቤት፣ አምስት ስድስተኛ። አሁን በአፍ መመለስ የለም አልኩ። ሁሉም መልሱን ወረቀቱ ላይ ጽፎ ወደ ላይ ያነሳል። ክፍሉ ጸጥ አለና ወረቀቱ ሲነሳ ማን እንደገባው፣ ማን ከጎኑ እንደገለበጠ ቁልጭ ብሎ ታየኝ። በአንድ ፔሬድ ሁሉንም ማዳረስ አይቻልም፣ በየረድፉ ነው የምሄደው። "ተማሪን ያማከለ" የሚሉት ነገር ጥሩ ነው፣ እኔም አምንበታለሁ፤ ግን 78 ልጅ መሃል ላይ ሲሆን መጀመሪያ የኋላው ልጅ ጋ መድረስ አለ። አማካሪዬ ቅጻቸው ላይ "ድምፅ ጥሩ፣ የሰሌዳ ጽሑፍ ይስተካከል" ብለው ሞሉልኝ። ስለ ሲሚንቶው ወረቀት መጻፊያ ቦታ የለውም መሰለኝ።

አጎቴ "መምህርነት ምን ያበላል፣ ዓረብ አገር ብትሄድ ይሻላት ነበር" እንደሚል አውቃለሁ። ደሞዙን በተመለከተ አልከራከረውም። ግን ነይ ተብዬ የምሄድበትም የለኝም፣ ሰኞ ፔሬድ አለኝ በይልኝ።

አሁን አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ኋላ ጥግ ላይ የምትቀመጥ ልጅ አለችኝ። ወረቀቷ ላይ ሁሌ ልክ ናት፤ ሰሌዳ ጋ ነይ ስላት ግን ፊቷን በሻሿ ሸፍና ትቀመጣለች። አንቺም መጀመሪያ እንደዚያ እንደነበርሽ ነግረሽኛል፣ ነጠላሽን ተከናንበሽ አልነሳም ብለሽ። ያ ዘማች በመጨረሻ እንዴት አድርጎ ነው ያስነሳሽ? እሑድ ስትደውዪ ከሁሉ በፊት እሱን ንገሪኝ።

ልጅሽ