ቅዳሜ ገፈርሳ፣ ከዚያ የስቫልባርድ ፎቶዎች

ሰላም የወፍ እይታ ቡድናችን አባላት፣

ቅዳሜ ገፈርሳ እንሄዳለን። ከዚያ ቡራዩ እኔ ቤት ከስቫልባርድ የመርከብ ጉዞዬ ያመጣሁትን ፎቶ እናያለን። «እኛም ዕቁብ ገብተን እንሂድ» ያላችሁ ስላላችሁ፣ ይጀመር ወይስ ይቅር የሚለውን እዚያው እንወስናለን።

የምንገናኘው ከጠዋቱ 1 ሰዓት ግድቡ አጠገብ ነው። ባይኖኩላርና ወፍራም ጃኬት ያዙ፤ የገፈርሳ ብርድ ቀልድ አያውቅም። ሰማያዊ ክንፍ ዝይን ካገኘን እሰየው። 4 ሰዓት ላይ ቤት እንገባለን። ቡና ከእኔ፣ ቆሎ ከእናንተ።

ስለ ጉዞው ትንሽ ልበል። ስቫልባርድ ከኖርዌይ በስተሰሜን ያለ የደሴቶች ስብስብ ነው። በትንሽ መርከብ የሚኬደው ለቅንጦት አይደለም፤ ከ2025 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከ200 በላይ መንገደኛ የጫነ መርከብ ጥብቅ ክልሎቹ ውስጥ አይገባም። ነጭ ድብ ሲታይም ከ300 ሜትር ባነሰ ርቀት መቅረብ ክልክል ነው፤ ከማርች እስከ ጁን ደግሞ ከ500 ሜትር ባነሰ። እናም በስልኬ ያነሳሁት ድብ በረዶ ላይ የወደቀች የጤፍ ፍሬ ይመስላል፤ እንዳትስቁብኝ። ዋልረሶቹ (ረጃጅም ጥርስ ያላቸው ግዙፍ የባሕር እንስሳት) ይሻላሉ። አንዱ ጓደኛው ላይ ተጋድሞ በመቅዘፊያ እጁ ብብቱን ሲያክ ይታያል።

ቪዛው ላይ ግን ልብ በሉ። ስቫልባርድ ከሼንገን (በአንድ ቪዛ ከሚገባባቸው የአውሮፓ አገሮች ክልል) ውጭ ነው፤ በኖርዌይ በኩል ደርሶ ለመመለስ ሁለቴ የሚያስገባ ቪዛ ያስፈልጋል።

እስከ ሐሙስ ማታ መምጣት አለመምጣታችሁን ጻፉልኝ። ዕቁብ የምትፈልጉ በወር ስንት እንደምትችሉ ጨምሩበት። ወንበር የምለምነው ከጎረቤት ስለሆነ ዝም አትበሉኝ።