ሳጥኑን አልሰጠሁትም

ይድረስ ለልጄ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። እናትሽ ሽሮና በርበሬ በፖስታ ልካልሻለች፤ ሲደርስሽ ደውይላት፣ አለበለዚያ እኔን ነው የምትጨቀጭቀው።

ዩኒቨርሲቲ ስትገቢ አልጋሽ ሥር የተውሽውን የመጻሕፍት ሳጥን «ለሰው ስጡልኝ፣ የልጅ ነገር ነው» ብለሽን ነበር። አልሰጠሁትም። ልሰጠው መኪና ውስጥ ጭኜው ነበር፤ ጥፋቱ ኤርፖርት ተሳፋሪ የምጠብቅበት ወረፋ ነው። አንድ ቀን ተራዬን ስጠብቅ የስልኬ ባትሪ አለቀና እጄን ወደ ኋላ ሰድጄ ከላይ ያገኘሁትን ሳብኩ። ኡርሱላ ለ ጉዊን እ.ኤ.አ. በ1968 ያሳተመችው «የኧርዝሲው አስማተኛ» ነበር፤ ገጾቹ ጥግ ጥጋቸው በአንቺ እጅ የታጠፈ። ያልገባኝን ቃል እየዘለልኩ በአራት ቀን ጨረስኩት። አንድ ተሳፋሪ አይቶት «የልጅህ ነው?» ሲለኝ «አዎ» አልኩ። ውሸት አልነበረም፤ ማፈሬ ግን አናደደኝ። ለነገሩ የሚያፍረው እኔ ብቻ አይደለሁም። የሃሪ ፖተር አሳታሚዎች እ.ኤ.አ. በ1998 እንግሊዝ ውስጥ ለትልልቅ ሰዎች ሌላ ሽፋን ያለው እትም አውጥተው ነበር። ሽፋኑ እንጂ ውስጡ ያው ነው።

እኔን የያዘኝ የስሙ ነገር ነው። መጽሐፉ ውስጥ ባለው አገር ሰው ሁሉ ሁለት ስም አለው፤ አንዱ መጠሪያ፣ አንዱ እውነተኛ። እውነተኛውን ያወቀ ሰው በባለቤቱ ላይ ሥልጣን ስላለው ለማንም አይነገርም። ባለታሪኩ ልጅ ዐሥራ ሦስት ዓመት ሲሞላው እርቃኑን ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ገብቶ ይሻገራል፣ ማዶ የሚጠብቀው መምህር በጆሮው «ጌድ» ብሎ ይሰይመዋል። እዚህ ላይ መጽሐፉን ዘግቼ ሳቅኩ። አንቺ በሰማንያ ቀንሽ ክርስትና ስትነሺ ምን ተደረገ? አያትሽስ «የክርስትና ስምህን ለሰው እንዳትናገር፣ ደብተራ ከእናትህ ስም ጋር አገናኝቶ መተት ይሠራብሃል» እያለች አይደል ያሳደገችኝ? «አስማት» ራሱ በግእዝ «ስሞች» ማለት ነው። ካሊፎርኒያ የተወለደች ሴት የእናቴን ፍርሃት ከየት አገኘችው?

ጌድ ትዕቢተኛ ነው። ከአንድ የአስማት ትምህርት ቤት ጓደኛው ጋር ተፎካክሮ የሞተ መንፈስ ሲጠራ፣ ሳያስበው ጥቁር ጥላ ወደ ዓለም ያስገባል። ሊቀ አስማተኞቹ ቀዳዳውን ሲዘጋ ሕይወቱ ያልፋል። ከዚያ በኋላ ጌድ በሸሸ ቁጥር ጥላው ይከተለዋል፤ ዞሮ ሊያሳድደው ሲነሳ ግን ጥላው መሸሽ ይጀምራል።

በዚህ ተገርሜ ነው ሳጥኑን ያስቀረሁት። የትልቅ ሰው ልብ ወለድ ሲሆን ጥፋተኛው አስተዳደጉ፣ ሚስቱ፣ መንግሥቱ እየተጠቀሰ ይብራራል፤ ሲብራራ ጥፋቱ ይሟሟል። ለልጅ የሚጽፍ ሰው ይህን ማድረግ አይችልም፣ ልጅ ይሰለቻል። ስለዚህ ጥፋቱ እግር አውጥቶ ሲከተልሽ ያሳይሻል። አንቺ በዐሥራ ሁለት ዓመትሽ ስታነቢው ጭራቅ ያየሽ ይመስለኛል። እኔ ያየሁት አጎትሽን ነው። ስለ ቤቱ ሽያጭ ከተጣላን ዐሥራ አንድ ዓመት ሆነን፣ ስልኩ ሲመጣ የማላነሳው ፈርቼ እንጂ ተበድዬ እንዳልሆነ እዚያ ወረፋ ላይ ገባኝ። እስካሁን አልደወልኩም። መጨረሻ ላይ ባሕር ላይ ተፋጥጠው ጌድና ጥላው እኩል የሚጠሩት ስም አንድ ነው፤ ያንን ገጽ ሁለት ጊዜ አነበብኩት።

አንድ ነገር ደግሞ ልጠይቅሽ፤ ጌድ ቆዳው ቀይ ዳማ፣ ጓደኛው ቬች ጥቁር መሆኑን ያኔ አስተውለሽ ነበር? ደራሲዋ ይህን ያደረገችው አውቃ ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 ለቴሌቪዥን ሲሠራ ጌድን ነጭ አደረጉት፤ እሷም በጽሑፍ በአደባባይ ተቃወመች። እኔማ ስምሽን ትምህርት ቤት ሲያሳጥሩት «ይቅር፣ ይቅለላቸው» ብዬ ዝም ያልኩ አባት ነኝ።

ቬችን ወደድኩት። ጌድ ታሞ፣ ተዋርዶ፣ ሁሉም ሲርቀው ቬች ሊሰናበተው ይመጣና ሳይጠየቅ እውነተኛ ስሙን ይነግረዋል። ሌላ የሚሰጠው ስጦታ አልነበረውም። ስሙን እዚህ አልጽፈውም፤ ታውቂዋለሽ።

የኔን የክርስትና ስም ግን አታውቂውም። እናቴ እንዳስጠነቀቀችኝ ለማንም ሳልናገር እዚህ ደረስኩ፤ እናትሽ ብቻ ናት የምታውቀው። በደብዳቤም አይጻፍም። ለታንክስጊቪንግ በዓል ስትመጪ በጆሮሽ እነግርሻለሁ።

ሁለተኛው ክፍል ሳጥኑ ውስጥ የለም። ወስደሽው ከሆነ ይዘሽልኝ ነይ።

አባትሽ