በመድኃኒት ለተጎዱ ታካሚዎች፦ የመክሰሻው ጊዜ 2 ዓመት ብቻ ነው

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፦

በመድኃኒት የተጎዱ ብዙ ታካሚዎች ማንን መክሰስ እንደሚችሉ ከመጠየቃቸው በፊት ማስረጃው ይጠፋል። ካርቶኑ፣ በውስጡ ያለው መግለጫና የተረፈው ኪኒን ይጣላሉ፤ መድኃኒቱ የትኛው የምርት ዙር እንደሆነ የሚያሳየው የባች ቁጥርም አብሮ ይሄዳል። ያለዚያ ቁጥር አምራቹ ላይ መድረስ እጅግ ከባድ ነው።

የጎንዮሽ ጉዳት መድረሱ ብቻውን ጥፋት አይደለም። ለምሳሌ በመርፌ የሚሰጠው ጄንታማይሲን የተባለ አንቲባዮቲክ ጆሮንና ኩላሊትን ሊጎዳ እንደሚችል የታወቀ ነው። ጥያቄው የኩላሊት ምርመራ ተሠርቶ ነበር ወይ፣ መጠኑስ በዚያው ልክ ተስተካክሏል ወይ፣ የታካሚው ጆሮ መጮህ ሲጀምር መርፌው እንደገና ታይቷል ወይ የሚለው ነው። እዚህ ላይ ቸልተኝነት ካለ የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2031 የሙያ ጥፋትን ይገዛል፤ ጉድለቱ ከምርቱ ከሆነ ደግሞ አምራቹን ተጠያቂ የሚያደርገው ቁጥር 2085 አለ። ሁለቱንም ለማስረዳት የሕክምና ካርዱን ግልባጭ በጽሑፍ ጠይቁ፤ ማዘዣውንና ደረሰኙን አትጣሉ።

ለምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን በ8482 ደውሎ ማሳወቅ፣ ወይም የጤና ባለሙያው የመድኃኒት ጉዳት ማሳወቂያ የሆነውን ቢጫ ቅጽ እንዲሞላ መጠየቅ ሌላ ታካሚ ያድናል። ካሳ ግን አያስገኝም፤ የክስ ጊዜውንም አያቆምም። በቁጥር 2143 መሠረት ክሱ ጉዳቱ ከደረሰ በ2 ዓመት ውስጥ መቅረብ አለበት። ይህ ጊዜ በሽምግልናና በቀጠሮ ሲያልቅ ማየት ያንገበግባል።

ለዳኝነት የሚከፍለው የሌለው ሰው አቅም እንደሌለው አስረድቶ በደሃ ደንብ፣ ማለትም የዳኝነት ክፍያ ሳይከፍል ለመክሰስ ለፍርድ ቤቱ ማመልከት ይችላል።

ከአክብሮት ጋር