እኔ ስንተኛው ሥጋ ቤት ነኝ?

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ቂርቆስ ሥጋ ቤት ከከፈትኩ ሃያ ሁለት ዓመት አለፈኝ። ከዚያ በፊት ለሰው ተቀጥሬ ቆራጭ ነበርኩ። ትምህርቴ ስምንተኛ ክፍል ላይ የቆመ ስለሆነ የምርምር ነገር ላይ ልፈትፍት አልልም። ግን የኔ መክተፊያ ያለበት ምርምር ስለሆነ ትንሽ ድርሻ አለኝ ብዬ ነው።

የዛሬ ሁለት ዓመት ግድም አንዲት ልጅ ነጭ ጋዋን ለብሳ መጣች። የእንስሳት ሐኪም ናት፤ ማስተርሷን እየሠራች ነው። አይስ ቦክስ ትከሻዋ ላይ አንጠልጥላለች። ልጆቹ ተቆጣጣሪ መስላቸው ወደ ጓዳ ሸሸት አሉ። "ጋሼ፣ ከመክተፊያው፣ ከቢላውና ከእጅዎ ናሙና ብወስድ ይፈቅዱልኛል?" አለችኝ። ወረቀት አነበበችልኝ፤ ፈረምኩ።

ጫፉ ላይ ጥጥ ባለው ቀጭን ዘንግ መክተፊያውን አሸት አሸት አድርጋ ብልቃጥ ውስጥ ከተተችው። ምን ታደርጊበታለሽ አልኳት። ሳትንቀባረር አስረዳችኝ። ለጀርም ምግብ የተዘጋጀበት ሳህን አለ፤ እሱ ላይ ቀብታ 37 ዲግሪ ሙቀት ውስጥ 24 ሰዓት ታቆየዋለች። ሳልሞኔላ ወይም ኢ. ኮላይ የሚባሉት ሆድ የሚያሳምሙ ጀርሞች ከበቀሉ ሌላ ሳህን ላይ ትዘራቸውና መድኃኒት የተነከሩ ትንንሽ ክብ ወረቀቶች ታስቀምጥበታለች። በወረቀቱ ዙሪያ ሰፋ ያለ ባዶ ቀለበት ከታየ መድኃኒቱ ይሠራል። ጀርሙ ወረቀቱ ጥግ ድረስ ከበቀለ ግን መድኃኒቱን ለምዶታል። ለከብት ያለ ልክ የሚወጋውን መድኃኒት የለመደ ጀርም ዞሮ እኛው ላይ እንደሚመጣ ያን ቀን ገባኝ። የምሸጠው ቁርጥ ነው፤ እሳት አያየውም።

አንድ ነገር ግን አልኳት። ቀኑ ረቡዕ ነበር። "ልጄ፣ ረቡዕ እኔ ጋ ምን ታገኛለሽ? ጾም ነው፣ መክተፊያው ታጥቦ ደርቋል። ቅዳሜ አመሻሽ ላይ ነይ። ሰው ተደርድሮ፣ ቆራጩ ብር በተቀበለበት እጁ ሻኛ ሲያወርድ ነው ማየት ያለብሽ።" ሳቀች፤ ደብተሯ ላይም ጻፈችው። ቅዳሜ ግን አልመጣችም። ላብራቶሪው እሑድ ዝግ ስለሆነ የሚያይላት የለም አለችኝ በስልክ።

ከዚያ በኋላ ድምፅዋ ጠፋ። ወደምትማርበት ግቢ ሄጄ ነበር፤ ጥበቃው "ከማን ጋር ቀጠሮ አለዎት?" ብሎ መለሰኝ። በመጨረሻ የተማሪዋን የመመረቂያ ጽሑፍ ያገኘችው የራሴ ልጅ ናት፣ በስልኳ። በእንግሊዝኛ ነው። ሠንጠረዡ ላይ ሥጋ ቤት አንድ፣ ሥጋ ቤት ሁለት እያለ ይወርዳል። ስድስተኛው ንጹሕ ነው። ሰባተኛው ቢላ ላይ ሦስት መድኃኒት የለመደ ሳልሞኔላ ተገኝቷል። እኔ ስንተኛው ነኝ? ስም ያልተጻፈው ለእናንተው ጥበቃ ነው አለችኝ ልጄ። እሺ፣ ጎረቤቴ አይወቅብኝ። እኔም እንዳላውቅ ነው እንዴ?

ጥፋቱ የተማሪዋ አይመስለኝም። ጽሑፉ ተጠርዞ መጻሕፍት ቤት ከገባ "አለቀ" ነው የሚባለው፤ ቀጥዪ የሚላት የለም። ምርምር ግን ከተራው ሰውም ይማራል፤ ዶክተር አክሊሉ ለማን የሚያህል ተመራማሪ እኮ በ1964 እ.ኤ.አ. አድዋ ላይ የቢልሃርዝያን በሽታ የሚያስተላልፈውን ቀንድ አውጣ የሚገድለውን ነገር ያገኘው ወንዝ ዳር ሴቶች በእንዶድ ልብስ ሲያጥቡ አይቶ ነው። ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በስሙ የሚጠራ የምርምር ተቋም አለ።

የምጠይቀው ብዙ ወጪ የለውም። ናሙና በተወሰደበት ቀን የሥጋ ቤቱ ቁጥር በብጣሽ ወረቀት ይሰጠን። አማካሪው መምህርም ከመፈረሙ በፊት "ለባለቤቶቹ ነገርሻቸው?" ይበል። አንድ ገጽ አማርኛ ይበቃናል።

እኔ እስከዚያው መክተፊያውን ቀይሬያለሁ፤ ገንዘብ የሚቀበል ልጅም ለብቻ አስቀምጫለሁ። ለውጥ ይኑረው አይኑረው የማውቅበት መንገድ የለኝም። ሌላ ተማሪ ቢመጣ አሁንም እፈርማለሁ፤ ግን ቅዳሜ፣ ከአሥራ አንድ ሰዓት በኋላ።

ከአክብሮት ጋር
የሥጋ ቤት ባለቤት፣ ከቂርቆስ