የሱስን ዘረመል የሚያሰሉ ወጣቶች እዚሁ ይሠልጥኑ፦ ለጤና ሚኒስቴር ግልጽ ደብዳቤ

ለጤና ሚኒስቴር
አዲስ አበባ

የተከበራችሁ የሚኒስቴሩ ኃላፊዎች፣

ጤና ይስጥልኝ። የስታቲስቲክስ መምህር ነኝ። ባለፈው ክረምት መሃል ከተማ ባለ አንድ ሆስፒታል ለሱስ ጥናት መረጃ ስንሰበስብ አንዲት እናት ጠጋ አሉኝ። ልጃቸው ተኝቶ ይታከማል። የልጁን ቅያሪ ልብስ በጥቁር ፌስታል ይዘዋል። "ልጄ፣ አባቱንም የገደለው አረቄ ነው። በዘር ነው እንዴ?" አሉኝ።

መንታዎች ላይ የተሠሩ ጥናቶች እንደሚያሳዩት፣ በአልኮል ሱስ ከሰው ሰው ከሚታየው ልዩነት ግማሽ ያህሉ ከውርስ ጋር የተያያዘ ነው። ይህ ቁጥር ግን የሚናገረው ስለ ሕዝብ ነው። ስለ እሳቸው ልጅ ምንም አይልም። እንዴት ብዬ እንደማስረዳቸው ጠፋኝ። "እማማ፣ ቢወረስም የተቆረጠ ዕጣ አይደለም። ይታከማል" አልኳቸው። "ተመስገን" ብለው ገቡ። ጥያቄያቸው ግን እስከ ዛሬ አብሮኝ አለ። በአገራችን ሰዎች መረጃ ሊመልስላቸው የሚችል ባለሙያ ስንት አለን?

ሙያው የዘረመል ስታቲስቲክስ ይባላል። ሱስ የያዛቸውንና ያልያዛቸውን ሰዎች ዘረመል ሚሊዮን ቦታ ላይ እያስተያዩ ልዩነት መፈለግ ነው። ሚሊዮን ጊዜ ሲሞከር ደግሞ ብዙ ነገር እንዲሁ በአጋጣሚ ይገጥማል። በተለመደው የ5 በመቶ መስፈርት ብንሄድ፣ ማለትም በአጋጣሚ የመግጠም ዕድሉ ከ5 በመቶ በታች የሆነውን ሁሉ ግኝት ብንል፣ 50,000 ያህል የሐሰት ግኝት ታቅፈን እንቀራለን። ለዚህ ነው በዚህ ሙያ መስፈርቱ ከ100 ሚሊዮን 5 የሆነው።

እኔን ከሁሉም በላይ የሚያስፈራኝ ግን ሌላ ስህተት ነው። ቃሚዎቹን ከሐረርጌ፣ የማይቅሙትን ከጎጃም ሰበሰብን እንበል። ኮምፒውተሩ ብዙ የዘረመል ልዩነት ያወጣልናል። ልዩነቱ ግን ከጫት ጋር ላይገናኝ ይችላል፤ የሁለት አካባቢ ሰዎች የዘር ሐረግ ልዩነት ነው። ይህንን የሚያርም ዘዴ አለ፤ የሚያውቀው ሰው ከሌለ ግን ማንም አያርመውም። ያልታረመ ውጤት ፌስቡክ ላይ ቢወጣና "የእነ እንትና ዘር ሱሰኛ ነው" ቢባል በዚህ ጊዜ ምን እንደሚያስከትል ታውቁታላችሁ።

እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣው ትልቁ የሲጋራና የአልኮል ዘረመል ጥናት 3.4 ሚሊዮን ሰዎችን አካቷል። ከአምስቱ አራቱ ያህል የአውሮፓ ዝርያ ያላቸው ናቸው። ጫት አልተጠናበትም። ቡታጅራ አካባቢ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣ ጥናት ግን፣ ከ10,000 በላይ አዋቂዎች ተጠይቀው ግማሾቹ በወቅቱ ይቅሙ ነበር። ይህን ጥያቄ እኛ ካልጠየቅነው ማን ይጠይቅልናል?

ሌላ አገር የተዘጋጀ መጠይቅ እዚህ አይሠራም። "ስንት ትቅማለህ?" ሲባል "አንድ ዙርባ" ይላል። የማን ዙርባ? የዛሬ ነው የትናንት? ካቲኖን የሚባለው ዋናው አነቃቂ ንጥረ ነገር ቅጠሉ በቆየ ቁጥር ወደ ደካማው ካቲን ይቀየራል። ከምርቃናው በኋላስ ጨብሲ አለ? ሀራራው ሲመጣ ምን ያደርጋል? ይህንን መጠየቅ የሚያውቅ የእኛው ልጅ ነው። መጠይቁ ከተበላሸ ምንም ዓይነት ስሌት አያድነውም።

የእኛ ዘረመል የራሱ ነገር እንዳለው ደግሞ ከቆየ ጀምሮ ይታወቃል። ኮዴይን የተባለውን የሕመም ማስታገሻ ሰውነታችን ውስጥ ወደ ሞርፊን የሚቀይር ኢንዛይም አለ። እ.ኤ.አ. በ1996 በወጣ ጥናት ከተመረመሩት ኢትዮጵያውያን 29 በመቶዎቹ የዚህ ኢንዛይም ዘረመል ተጨማሪ ቅጂ ነበራቸው። ሰሜን አውሮፓ ላይ ይህ በጣም ጥቂት ሰው ላይ ነው የሚገኘው። ሱስ የሚያስይዘው የሕመም ማስታገሻ ትራማዶልም በዚሁ ኢንዛይም በኩል ስለሚያልፍ ነገሩ የከተማችንን ወጣቶች በቀጥታ ይመለከታል።

ምንም አልተጀመረም አልልም። ኒውሮጋፕ የተባለው የከባድ የአእምሮ ሕመሞች ጥናት አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲን ያካተተ ነበር። ከጎኑም ጂንጀር የተባለ ሥልጠና ለኢትዮጵያ፣ ለኬንያ፣ ለዩጋንዳና ለደቡብ አፍሪካ ወጣት ተመራማሪዎች ተሰጥቷል። ግን የጥናት ገንዘብ የሚያመጣው ሥልጠና ጥናቱ ሲያልቅ አብሮ ያልቃል።

አንዲት ጎበዝ ተማሪ ነበረችኝ። አራት ኪሎ ካፌ ውስጥ በአንድ ማኪያቶ አምስት ሰዓት እየተቀመጠች በካፌው ዋይፋይ የዘረመል ፋይል ታወርድ ነበር። አንድ ቀን 80 በመቶ ሲደርስ መብራት ሄደ። ላፕቶፗን ዘግታ ዝም ብላ ተቀመጠች። አሁን ባንክ ነው የምትሠራው። አልፈርድባትም፤ ደመወዝ ያስፈልጋታል።

ስለዚህ የምለምናችሁ ይህንን ነው። መሃል አዲስ አበባ፣ ለጥቁር አንበሳና ለስድስት ኪሎ በሚቀርብ ቦታ፣ በመንግሥት በጀት የሚቆም የሁለት ዓመት ሥልጠና ይከፈት። በየዓመቱ ስምንት ሰው ይበቃል፤ አራቱ ከሥነ አእምሮ ሕክምና፣ አራቱ ከስታቲስቲክስ። ጥንድ ጥንድ ሆነው ይሥሩ፤ ሐኪሟ ስሌቱን፣ ስታቲስቲክሱን የተማረው በሽተኛውን ይወቅ። ሦስት ቦታ እንዳይሮጡ የሚያኖር ደመወዝ ይኑራቸው። ጀነሬተር ያለው አንድ ጥሩ ሰርቨር ይሰጣቸው። የሕዝቡ የምራቅና የደም ናሙና መረጃም መጀመሪያ በእነሱ እጅ ይተንተን። ውጤት ከመውጣቱ በፊትም ናሙና ከሰጡት ሰዎች ጋር ቁጭ ብለው በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በሚገባቸው ቋንቋ እንዲያስረዱ ይገደዱ።

ለዚህ የሚሆን የትምህርት ረቂቅ ከሁለት የሥራ ባልደረቦቼ ጋር ጽፈናል። 14 ገጽ ነው። ቀጠሮ ከሰጣችሁን ይዘነው እንመጣለን።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የስታቲስቲክስ መምህር
አዲስ አበባ