ከኋላ ገጽ ጀምራ የምታነብ አንባቢያችሁ

ለተከበራችሁ የዝግጅት ክፍል፣

ጋዜጣችሁን የማነበው ከኋላ ገጽ ጀምሬ ነው። ፖለቲካውን ጠልቼ አይደለም። የንግድ ምልክት ማስታወቂያዎች የሚወጡት እዚያ ስለሆነ ነው። እገሌ የተባለ ድርጅት ይህን ምልክት ለሳሙና ሊያስመዘግብ አመልክቷል፣ ተቃዋሚ ካለ ይቅረብ የሚሉትን ማለቴ ነው። ብዙ ሰው ገልጦ ያልፋቸዋል። እኛ አራት ጓደኛሞች ግን ቅዳሜ ቅዳሜ ቡና እየጠጣን እንከራከርባቸዋለን። አንዳችን አመልካች፣ አንዳችን ተቃዋሚ፣ የቀሩት ዳኛ ይሆናሉ። የተረታ የቡና ይከፍላል። እስካሁን ብዙ የከፈልኩት እኔ ነኝ።

የ5ኛ ዓመት የሕግ ተማሪ ነኝ። የምማርበት ዩኒቨርሲቲ ከአዲስ አበባ ሩቅ ነው፤ ስሙ ይቅር። ይህን ጨዋታ የጀመርነው ተናደን ነበር።

አምና የምስለ ችሎት፣ ማለትም ተማሪዎች እንደ ጠበቃ ቆመው የሚከራከሩበት የልምምድ ችሎት፣ ውድድር ጥሪ መጣ። ጉዳዩ አእምሯዊ ንብረት ነው፤ የንግድ ምልክት፣ የፈጠራና የቅጂ መብት ማለት ነው። በዚህ ዘርፍ ተማሪ ቆሞ የሚከራከርበት አጋጣሚ ስንቴ ይገኛል? ወረቀቱ በጸሐፊዋ በር ላይ ሲለጠፍ ግን የምዝገባው ቀን ካለፈ አራት ቀን ሆኖታል። የት ከርሞ መጣ ብለን ጠየቅን። "ፊርማ ላይ ነበር" ተባልን። አንድ መምህራችን ሊያጽናኑን ፈልገው "ተዉት፣ ይሄ የአዲስ አበባ ልጆች ነገር ነው" አሉን። ከቀኑ ማለፍ ይልቅ ያንገበገበኝ ይህ ማጽናኛ ነው።

ምክንያቱም እኔ የይርጋጨፌ ልጅ ነኝ። አባቴ እሸት ቡና ለቅሞ ለሳይት፣ ለቡና ማጠቢያው ማለቴ ነው፣ የሚያስረክብ ገበሬ ነው። ኢትዮጵያ በ1997 ይርጋጨፌን፣ ሲዳሞንና ሐረርን አሜሪካ ውስጥ በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ ስታመለክት እኔ ገና ፊደል አልቆጠርኩም። የአሜሪካ የቡና ነጋዴዎች ማኅበር ተቃወመ። ስታርባክስ የተባለው የአሜሪካ የቡና ኩባንያ ደግሞ ሲዳሞ የሚል ቃል ያለበት ምልክት ቀድሞ አመልክቶ ነበር። ኢትዮጵያና ስታርባክስ ብዙ ከተጨቃጨቁ በኋላ በ1999 ሰኔ ላይ ተስማሙ። ይህን ሁሉ የሰማሁት 4ኛ ዓመት ስደርስ ነው። ያውም ከሃንድአውት ላይ፣ በሦስት መስመር።

ለእረፍት ቤት ስሄድ ለአባቴ ነገርኩት። የከተማችን ስም አሜሪካ የተመዘገበ ነው አልኩት። ዝም ብሎ ሰማኝና "ታዲያ የኔ ድርሻ የት አለ?" አለኝ።

መልስ አጣሁ። በስሙ የመጠቀም ፈቃድ ለቡና ገዢዎቹ የሚሰጠው ያለ ክፍያ ነው፤ ጥቅሙ ስሙ ሲገን፣ ዋጋው ሲሻል ይመጣል የሚል ነበር ሐሳቡ። ይህን ደጋግሜ ለአባቴ ለማስረዳት ሞከርኩ። ራሴን እንኳ ማሳመን አቃተኝ። ለመሆኑ ለምን የንግድ ምልክት ተመረጠ? ለምን የመልክዓ ምድር አመላካች፣ ምርቱን ከበቀለበት ቦታ ጋር የሚያያይዘው ጥበቃ፣ አልሆነም? ለምስለ ችሎት ከዚህ የተሻለ ጥያቄ ይኖራል? ጥያቄው ደግሞ ያለው እኛ ጓሮ ነው።

የጤፉም ነገር እንደዚያው ነው። አንድ የሆላንድ ኩባንያ በጤፍ ዱቄት ላይ ከአውሮፓ የፓተንት ቢሮ ፓተንት፣ የፈጠራ ባለቤትነት መብት፣ አግኝቶ ነበር። የሄግ ፍርድ ቤት ኅዳር 12 ቀን 2011 ፓተንቱን ፈጠራ የለበትም ብሎ ሆላንድ ውስጥ ሻረው። ያኔ አገር ምድሩ ተደሰተ። ሲጣራ ግን ተከራካሪዎቹ ሁለቱም የዚያው አገር ኩባንያዎች ናቸው። ኢትዮጵያ ከሳሽም ተከሳሽም አልነበረችም። በጤፋችን ጉዳይ ችሎቱ ውስጥ አልነበርንም ማለት ነው።

አሁን ወደ ሽሮ ልምጣ። በነፃ የሕግ ድጋፍ ማዕከል ተረኛ በሆንኩበት ቀን አንዲት እናት መጡ። እኛ ጋ የሚመጣው አብዛኛው ሰው የመሬት ወይም የቀለብ ጉዳይ ይዞ ነው። እሳቸው ሁለት ፌስታል ጠረጴዛው ላይ ዘረገፉ። አንዱ የራሳቸው ሽሮ ነው። ሌላው የሰው፤ ስሙም ሥዕሉም ቁርጥ የሳቸውን ይመስላል።

"እትዬ፣ የንግድ ምልክትዎን አስመዝግበዋል?" አልኳቸው።

"እንዴታ! ይኸው ፈቃዴ፣ ልጄ" ብለው የንግድ ፈቃዳቸውን አወጡ።

ጉዱ እዚህ ላይ ነው። የንግድ ፈቃድና የንግድ ስም ሌላ፣ የንግድ ምልክት ሌላ። የመጀመሪያው ከንግድ ቢሮ ይገኛል። ሁለተኛውን የሚመዘግበው የአእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ነው። በአዋጅ ቁጥር 501/1998 መሠረት ደግሞ የምልክቱ ባለቤት የሚያደርገው የምዝገባ ምስክር ወረቀቱ ነው፤ 7 ዓመት ያገለግላል፣ ከዚያ ይታደሳል። እሳቸው ይህን የሚነግራቸው ሰው አላገኙም። እውነቱን ለመናገር እኔም የዚያን ቀን አዋጁን ከስልኬ እየፈለግሁ ነው ያነበብኩላቸው። አብሮኝ ተረኛ የነበረው ልጅ ላብ በላብ ሆኖ ነበር።

ከዚያ ወዲያ ራሴ መፈለግ ጀመርኩ። ለካ ዕድሉ አለ። የዓለም አእምሯዊ ንብረት ድርጅት፣ ዋይፖ የሚሉት፣ በኢንተርኔት የሚሰጠው ዲኤል 101 የሚባል መሠረታዊ ኮርስ በነፃ ነው። በሌሊት ጥቅል ጨረስኩት። ሙታሬ፣ ዚምባብዌ የሚገኘው አፍሪካ ዩኒቨርሲቲ ከዚሁ ድርጅት ጋር በዚሁ ሙያ ማስተርስ ያስተምራል። ኦክስፎርድም በየዓመቱ የአእምሯዊ ንብረት ምስለ ችሎት ያካሂዳል፤ መጀመሪያ ክርክሩን በጽሑፍ ትልካላችሁ፣ የተመረጠ ቡድን ይጠራል። ለቪዛና ለቲኬት ማን ይከፍላል የሚለው ሌላ ራስ ምታት ነው። ጽሑፉን ለመጻፍ ግን ቪዛ አያስፈልግም።

ዓለም አቀፉ የአእምሯዊ ንብረት ቀን ሚያዝያ 18 ነው። የ2017ቱ ስለ ሙዚቃ ስለነበር እኛም አንድ ክፍል ለምነን ውይይት አዘጋጀን። 11 ሰው መጣ። ሦስቱ ለሻዩ ነው የመጡት። ግቢው በር ላይ ፍላሽ ላይ ዘፈን የሚጭነውን ልጅም ጋብዘነው ነበር። የቅጂ መብት አዋጁ በ1996 ሲወጣ ሆን ብሎ ለጣሰ ከ5 እስከ 10 ዓመት ጽኑ እስራት ይል እንደነበር ስናነብለት "እኔ ላይ ነው እንዴ የጠራችሁኝ?" አለ። ሳቅን። ከዚያ ግን እሱ ራሱ ከሁላችን የተሻለ ጥያቄ ጠየቀ፤ "እሺ፣ ልክፈል ብል ለማን ነው የምከፍለው?" ለባለመብቶቹ ክፍያ ስለሚሰበስበው የጋራ አስተዳደር ማኅበር፣ ስለ ሮያሊቲ፣ ማለትም ለሥራው ባለቤት ስለሚከፈለው ገንዘብ፣ ስለ አዋጁ የ2007 ማሻሻያ አንድ ሰዓት ተከራከርን። ሻዩ አልቆ እንኳ የወጣ የለም።

እንግዲህ ልመናዬ ትንሽ ናት። ለተማሪ የሚሆን የውድድር፣ የሥልጠናና የነፃ ትምህርት ጥሪ ስታገኙ ቀኑ ሳያልፍ በአንድ ጥግ አውጡልን። ደብዳቤ ፊርማ ላይ ይከርማል፤ ጋዜጣችሁ ግን በማግስቱ አውቶቡስ ተራ ይደርሰናል። ለሕግ ትምህርት ቤቶችም አንድ ቃል አለኝ፤ በየድጋፍ ማዕከሉ ከቀለቡና ከመሬቱ ጎን ለሽሮውም አንድ ወንበር ጨምሩ።

እናትየዋ ማመልከቻቸውን አስገብተዋል። የተቃውሞ ጥሪው ማስታወቂያ ምናልባት እናንተ ጋ ይወጣ ይሆናል። ከወጣ ሁለት ቅጂ እገዛለሁ። አንዱን ሱቃቸው ግድግዳ ላይ እንለጥፈዋለን። በሌላው ቅዳሜ እንከራከርበታለን፤ ተቃዋሚ የምሆነው እኔ ነኝ፣ ያን ቀን ብረታም ደስ ይለኛል።

የ5ኛ ዓመት የሕግ ተማሪ፣ የይርጋጨፌ ልጅ